በሩን ለሙሶሎኒ የሰጠው ማነው?

«ሙሶሎኒ ላይ ወራጅ አለ?»

እንዲህ ያለው የአውቶብሱ ረዳት ነው። 2011 ዓ.ም. ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ዘመድ ልጠይቅ እየሄድኩ ነበር። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ፣ ግማሹ ተሳፋሪ ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ስቦ፣ ግማሹ ተኝቶ። ረዳቱ ይህን ሲል ማንም አልደነገጠም። አንዲት እናት «አለ፣ አለ፣ ከዋሻው በፊት» አሉና ፌስታላቸውን ሰበሰቡ። ወረዱ። አውቶብሱም ጨለማው ውስጥ ገባ።

እኔም አልደነገጥኩም። እውነቱን ልናገርና የመሸበት ይደር፤ የዚያን ጊዜ ለአንድ የክፍል ሥራ በጻፍኳት የጉዞ ማስታወሻ ላይ «ዝነኛውን የሙሶሎኒ ዋሻ አልፈን» ብዬ ጽፌያለሁ። መምህሬ «ዝነኛውን» የሚለውን ቅጽል ሰረዙልኝ። ሙሶሎኒን ግን አልሰረዙትም። ጥሩ ማርክም አገኘሁ።

ያበሳጨኝ በኋላ ነው። ያበሳጨችኝም አያቴ ናት።

አያቴ የምትኖረው አንገር ጉቲን ነው። ለማታውቁት፣ አንገር ጉቲን ከነቀምት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከነቀምት ደጋ ወደ አንገር ሸለቆ ሲወረድ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል የሚሰማባት፣ በቆሎና ሰሊጥ የሚጫንባት፣ እኔ ያደግሁባት። አያቴ ግን የመጣችው ከወሎ ነው፤ በ77ቱ ድርቅ፣ በሰፈራ። ከደሴ የጫናቸው መኪና በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት አድርጎ ዳገቱን ወጣ፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ፣ ሆለታ፣ አምቦ፣ ነቀምት። ስለ ዳገቱ ስትነግረኝ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ «ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጆቹ ያለቅሳሉ። ወደ ኋላ ዞር ስል ቆላው በሙሉ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ታየኝ። ከዛ ጉድጓዱ ዋጠን። አገሬን የተውኳት እዛ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው።»

ከደሴ ስመለስ ፎቶ አሳየኋት። «እምዬ፣ ይኸውልሽ ሙሶሎኒ» አልኳት።

«ማን?»

«ሙሶሎኒ። ዋሻው።»

«እሱማ ጣርማበር ነው» አለችኝ። «አባቴን የገደለውን ሰውዬ ስም እዛ ማን ጻፈው?»

ማንም አልጻፈውም እምዬ። ጽፎት ቢሆን ኖሮ እንፍቀዋለን። ችግሩ አፋችን ላይ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ነገሬ ይኼ ነው። ጣርማበር የራሱ ስም ያለው፣ የራሱ ታሪክ ያለው፣ እኔ እንደሚገባኝ ደግሞ በዓለም ካሉ የስፖርት ዳገቶች ሁሉ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሊቆም የሚችል በር ነው። እኛ ግን ስሙን ለወራሪ፣ ዝናውን ለፈረንሳይ ተራሮች ሰጥተን ባዶ እጃችንን ተቀምጠናል። ስለ ሁለቱም አንድ በአንድ ልነዝንዛችሁ ነውና ቡናችሁን ያዙ።

አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አልቸገረውም። ከቆላ ወደ ደጋ መውጫ የሆነችውን የተራራ ጉሮሮ «በር» ይላታል። በር ነውና ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይጠበቃል። ጣርማበርም ከወሎና ከይፋት ቆላ ወደ ሸዋ አምባ መውጫ በር ነው። ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ። ከታች ሸዋ ሮቢት፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ፣ ወደ 1300 ሜትር ዝቅ ብላ በሙቀት ትጠበሳለች። መሃል ላይ ደብረ ሲና አለች፣ ገደሉ ላይ እንደተንጠለጠለች፤ ሰዎቿ ቆሎና በሶ በመኪና መስኮት የሚሸጡባት። ከሮቢት ተነስቶ ጣርማበር የደረሰ መንገደኛ በአንድ ዳገት ከ1700 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል ማለት ነው። ቲሸርት ለብሶ የጀመረ ጋቢ ለብሶ ይጨርሳል።

1928 ዓ.ም.። ሚያዝያ። ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ባዶሊዮ ከደሴ ተነስቶ ከአንድ ሺህ በላይ መኪና ደርድሮ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ። ለዓለም ጋዜጠኞች የሚታይ ትርዒት ነበር፤ ስሙንም «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ምናምን ብለው አሳምረውታል። (ፋሺስት ሁሌ ስም ማውጣት ላይ ጎበዝ ነው።) ይህ ሁሉ ብረት ሊያልፍበት የሚችለው ግን አንድ በር ብቻ ነበር።

በሩን እንዲይዙ የተላኩት እነማን ይመስሏችኋል? ልጆች። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች። ትምህርት ቤቱ ራሱ የተከፈተው በ1927 ነው፤ ስለዚህ ገና ሥልጠናቸውን ያልጨረሱ፣ ዕድሜያቸው ከእኔና ከአብዛኞቻችሁ ያነሰ ተማሪዎች ናቸው። አሠልጣኛቸው ስዊድናዊው ሻምበል ቪኪንግ ታም አብሯቸው ነበር። አውሮፕላን የላቸውም። ታንክ የላቸውም። ጊዜም የላቸውም። ያንን ረጅም የመኪና ሰልፍ ያቆመው ግን ጣርማበር ላይ ገደሉ ጫፍ የፈረሰው መንገድ ነው። መንገዱ በፈንጂ ተንዶ ነበርና የጣሊያን ወታደር ከመኪናው ወርዶ ድንጋይ በእጁ እየተቀባበለ መንገድ ሲጠግን ወደ ሁለት ቀን ገደማ አለፈው። ሁለት ቀን በጦርነት ታሪክ ምንም ሊመስል ይችላል። ግን ቁጠሩት፤ ሚያዝያ 18 ከደሴ የተነሳ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። ከእነዚያ ቀኖች ሁለቱ የጣርማበር ናቸው። ከበሩ ወዲህም ጫጫ ላይ ኃይለ ማርያም ማሞ ጠብቆ መታቸው። ሠላማዊ ሽርሽር አልነበረም።

አሁን የእኔን የወለጋዋን ልጅ ልብ የሚያሞቀው ክፍል መጣ። ከሆለታ ልጆች የተረፉት እጅ አልሰጡም። ወደ ምዕራብ መጡ። ወደ እኛ። ነቀምት ላይ ከተማሩ ወጣቶችና ከዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ጋር ሆነው «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። በሰኔ 1928 ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት ከበው አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ መኮንኖቹ እዚያው ቀሩ። በኋላም ራስ እምሩ መሪያቸው ሆኑ። እኔ ነቀምት ሁለተኛ ደረጃ ስማር ቦነያን የማያውቅ የክፍል ጓደኛ አልነበረኝም። ከዚያ በፊት ጣርማበር የተባለ በር እንደነበረ ግን ማንም አልነገረን። የደብረ ሲና ልጆችም ተገላቢጦሽ ይመስለኛል፤ በሩን ያውቃሉ፣ ከበሩ የተመለሱት ልጆች የት እንደደረሱ አይነገራቸውም። ታሪካችንን እንደ ሽንኩርት በየወረዳው ከትፈን ተካፍለነው የአንዱ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር አይተዋወቅም። ሰሜኑና ምዕራቡ «አንተ ማነህ?» እየተባባለ በሚተያይበት በዚህ ዘመን፣ በአንድ በር ላይ ተዋግተው በሌላ አገር የተጠለሉ፣ የተጠለሉበትም አገር የእኔ ብሎ የተቀበላቸው ልጆች ታሪክ ቢነገረን አይጠቅመንም ትላላችሁ?

ከዚያማ ጣሊያን መንገዱን ሠራ፤ ገደሉን ዞሮ ከማለፍ ተራራውን መብሳት ይሻላል ብሎ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ፈለፈለ። በሩም የዱቼው ስም ተለጠፈበት። አዲስ ነገር አልነበረም፤ አምባላጌንም በ1888 እዚያው በሞተው መኮንናቸው «የቶዜሊ በር» ብለውት ነበር። የአምባላጌው ስም ከእነሱ ጋር ሄደ። የጣርማበሩ ቀረ። አምስት ዓመት ቆይቶ የተባረረ ሰው፣ ሰማንያ ምናምን ዓመት ሙሉ በእኛ ረዳቶች አፍ ተሳፋሪ ያወርዳል።

«እሱ አይደል እንዴ የሠራው? ይገባዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። በተለይ ታክሲ ውስጥ። «ጣሊያን ትንሽ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ የሚጀምር ሰውዬ ሁሌም አለ፤ ከኋላ ወንበር ነው የሚቀመጠው። እኔ የምለው፣ ሙሶሎኒ መዶሻ ይዞ ደብረ ሲና መጥቷል? ብርዱን ቀምሶታል? ተራራውን የበሱት ሠራተኞች ናቸው፤ የእኛም ሰዎች፣ ሥራ ፍለጋ የመጡ ደሃ ጣሊያኖችም። ስም ለሠሪ የሚሰጥ ከሆነ ለእነሱ ይሰጥ። «የሠራተኞች ዋሻ» ይባል፣ አልቃወምም። ለአዘዘው ሰው ስንሰጠው ግን ምን እያልን እንደሆነ እንወቀው። ሮም ሰገነት ላይ ቆሞ መርዝ ጋዝ እንዲርከፈከፍብን የፈቀደውን ሰውዬ ነው የምንለው።

ደግሞ ትዝታችን አጭር አይደለም፤ መራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ የምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ስታቆም ምን ያህል ተቆጣን! በማግስቱ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡ ሰዎች እስከ መታሰር ደርሰዋል። ትክክል ነበሩ። የካቲት 12ን ያደረገ ሰው መታሰቢያ አይገባውም። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ አፊሌ ያለው የግራዚያኒ ነው፣ የራሳቸው ከተማ፣ የራሳቸው ጉድ። ጣርማበር ያለው የአለቃው ነው፣ የእኛ ተራራ ላይ፣ በእኛ ምላስ የተሠራ፣ በየቀኑ የሚታደስ። ለየትኛው ነው መጀመሪያ ሰልፍ መውጣት የነበረብን?

«የጣሊያንን ነገር ሁሉ እንጣል ልትዪ ነው?» እንዳትሉኝ። እኔ ማኪያቶ የምጠጣ ሰው ነኝ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ካቴና የምንላቸው ቃላት ከጣሊያን እንደመጡ አውቃለሁ፤ ይምጡ፣ ጠቅመውናል፣ አማርኛ ሆነዋል። የጎማ ባለቤት የለውም። ሙሶሎኒ ግን ዕቃ አይደለም።

ካምቢዮና ካቴና ካልኩ ዘንድ ወደ ሁለተኛው ንዝንዜ ልግባ፤ ወደ ብስክሌት።

በየዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ሐምሌ ሲገባ ቴሌቪዥኑ የፈረንሳይን ጉብታ ያሳየናል። ጋዜጠኞቻችንም ያሽቃብጣሉ። «አስፈሪው ቱርማሌ!» ይላሉ። ቱርማሌ ስንት ሜትር ነው? 2115። ልድገመው? 2115። ነቀምት ከተማ ራሷ 2000 ሜትርን ታልፋለች፤ ቡና እየጠጣን ነው የምንኖረው። ቱር ደ ፍራንስ በታሪኩ የወጣው ትልቁ ከፍታ ላ ቦኔት የሚባለው ነው፣ 2802 ሜትር። የጣሊያኑ ጂሮ የሚኮራበት ስቴልቪዮ 2757። ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2840። በሌላ አነጋገር የደብረ ብርሃን ጠላ ቤት በረንዳ ከቱር ደ ፍራንስ ጣራ ከፍ ይላል። ጣርማበር ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም ቁልቁል ነው የሚያያቸው።

ፈረንሳዮቹ ግን ምን እንዳደረጉ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1910 ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳዳሪዎችን በቱርማሌ አሳለፉ። መንገዱ የፍየል መንገድ ነበር። ኦክታቭ ላፒዝ የተባለው ጋላቢ በዚያው ቀን በድካም አብዶ አዘጋጆቹን ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ሰደባቸው። ውድድሩንም አሸነፈ። ላፒዝ በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ተዋግቶ ሞተ። ዛሬ ቱርማሌ ጫፍ ላይ ትልቅ የብስክሌተኛ ሐውልት አለ፤ ክረምት ሲገባ ያወርዱታል፣ በረዶው ሲቀልጥ ብስክሌተኞች አጅበውት ይወጣል። ታቦት ነው የሚመስለው በሉኝ። ከአንድ ጉብታ፣ ከአንድ ስድብና ከአንድ ሟች ይህን ሁሉ ሠሩ። ለዚህ ነው እኛ አንገር ጉቲን ቁጭ ብለን የእነሱን ጉብታ በስም የምናውቀው፤ ተራራው ስለበለጠ አይደለም፣ ባለታሪክ ስላለው ነው።

«እኛ ብስክሌት ምን አገባን፣ እኛ ሯጮች ነን» ትሉኝ ይሆናል። አንድ የሬዲዮ አዘጋጅም ያለኝ ይህንኑ ነው። ስሙንም ጣቢያውንም አልጠራም። ተመርቄ ሥራ ስፈልግ «የሙከራ ፕሮግራም ይዘሽ ነይ» አለኝና ስለ ሜልቦርን ብስክሌተኞች የ12 ደቂቃ ዝግጅት ሠርቼ ወሰድኩ። ሦስቱን ደቂቃ ሰማ። «ቆንጆ ድምፅ አለሽ» አለኝ። «ግን ሳይክል ማን ይሰማል? የአርሴናልን ዝውውር ሥሪልኝ።» የአርሴናልን ዝውውር ሠራሁ። (ሥራው ግን አልተሰጠኝም፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

አዘጋጁ የማያውቀውን ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ የተሰለፈችው በ1949 ዓ.ም.፣ ሜልቦርን ላይ ነው። ከአበበ ቢቂላ ሮም በፊት። ማሞ ወልዴም በዚያ ቡድን ነበር፣ ገና መካከለኛ ርቀት ይሮጥ በነበረበት ጊዜ። ከሯጮቹ ጋር አራት ብስክሌተኞች ሄደዋል፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐይ ባህታ፣ ኃይሉ ፋና። ኤርትራ በፌዴሬሽን የነበረችበት ዘመን ነውና የአዲስ አበባውም የአስመራውም ልጅ በአንድ ማሊያ ነበር የሚወዳደረው። በጎዳና ላይ ውድድሩ በቡድን ውጤት 9ኛ ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጡ ሰዎች! ገረመው አራት ዓመት ቆይቶ ሮም ላይም ተሰልፏል። እስቲ ከመካከላችሁ ከእነዚህ ከአራቱ የአንዱን ስም ከዛሬ በፊት የሰማ እጁን ያውጣ።

የሮሙን አበበማ ሁላችንም እናውቀዋለን እንላለን። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሙሶሎኒ ዘርፎ ሮም ላይ በተከለው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነው ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው። አበበ የት ተወለደ? ጃቶ። ደብረ ብርሃን አካባቢ። ያ ሳንባ የተሠራው በዚያ ብርድ፣ በዚያ ከፍታ፣ ከዚህ በር ብዙም በማይርቅ አምባ ላይ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ኦሊምፒኩ 2240 ሜትር ላይ ያለችው ሜክሲኮ ሲሄድ የዓለም ሳይንቲስት ሁሉ «ከፍታ ከፍታ» እያለ ሲጨነቅ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ፤ በ10 ሺህም ብር አመጣ። ከፍታውን ያኔ ነው ዓለም ያወቀው። ዛሬ ፈረንጅ አትሌት እንጦጦ ላይ ለመሮጥ አውሮፕላን ይሳፈራል፣ በቆጂን በካርታ ያውቃታል። ከፍታችን ሀብት እንደሆነ ከእኛ በቀር ሁሉም ገብቶታል።

አሁን እዩት። ሙሶሎኒ በሩ ላይ ስሙን ለጠፈ፤ የበሩ አካባቢ ልጅ ሙሶሎኒ ከተማ ሄዶ በባዶ እግሩ መለሰለት። ይህንን ታሪክ አንድ ፈረንሳዊ ቢያገኘው ምን ያደርገው ነበር? ፊልም ሦስት ጊዜ ሠርቶ፣ ሐውልት አቁሞ፣ ከሮቢት እስከ ጣርማበር በዓመት አንድ ጊዜ ዳገት አስወጥቶ፣ ቲሸርቱን ለእኛው ይሸጥልን ነበር።

ጎረቤታችን ኤርትራ ትንሽ አገር ናት። ከምፅዋ እስከ አስመራ ያለውን ዳገት ይዛ፣ ከ1938 ጀምሮ የዙር ውድድሯን ይዛ ቢንያም ግርማይን አወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ለብሶ ጨረሰ። እኛም ከማይጨው ፅጋቡ ግርማይን አውጥተናል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። ማይጨው ራሷ በጠመዝማዛ ዳገት መሃል ያለች ከተማ መሆኗን ልብ በሉ፤ ዳገት ያለበት ልጅ ዳገት ይወጣል። እየሩ ተስፎአም ደግሞ የብሔራዊ ቡድናችን ብስክሌተኛ ነበረች። በፓሪስ 2024 የተሰለፈችው በስደተኞች ቡድን ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላችሁ ድጋሚ አንብቡት። በዓለም ትልቁ መድረክ ላይ ሴት ብስክሌተኛችን ዳገት ስትወጣ ደረቷ ላይ የማንም አገር ባንዲራ አልነበረም። ስለዚህ ስንት የሬዲዮ ሰዓት ሰጠን? አርሴናል ዝውውር ነበረበት መሰለኝ።

ተቃውሞው አሁን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ለራሴ አቅርቤዋለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው እየሞተ ስለ ሳይክል ታወሪያለሽ?» ልክ ነው። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቶ ጣርማበር እንደገና በር ሆኖ ነበር፤ የሚዘጋ፣ የሚጠበቅ፣ ሰው የሚሞትበት። ከነሐሴ 2015 ወዲህም በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት መጥቷል። እኛም ጋ ደህና አልነበረም፤ በ2013 እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በምሥራቅ ወለጋ የሆነውን የማያውቅ የለም። አንገር ጉቲን ላይ ሰው ቤቱ ተቃጥሎበታል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተፈናቅሏል፣ መንገዱ ለወራት ተዘግቶ ጨው የጠፋበትን ጊዜ እኔ አስታውሳለሁ። አያቴ በሰባ ምናምን ዓመቷ ሁለተኛ ጊዜ ልትሰደድ ነጠላዋን አስራ ተቀምጣ ያደረችበት ሌሊት አለ። ስለዚህ ነገ ጠዋት ውድድር ይዘጋጅ አላልኩም። ብል እብድ ነኝ።

ግን ስም መጥራት ሰላም እስኪመጣ አይጠብቅም። ረዳቱ «ጣርማበር ላይ ወራጅ» ለማለት በጀት አያስፈልገውም። ጋዜጠኛው «የሙሶሎኒ ዋሻ» ብሎ መጻፍ ለማቆም ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ጉግል ማፕ ላይ ሄዶ ማስተካከልም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የመንገድ መሥሪያ ቤቱስ ዋሻው አፍ ላይ «ጣርማበር፣ በ1928 የሆለታ ዕጩ መኮንኖች የተሰለፉበት በር» የሚል አንድ ቆርቆሮ ቢተክል ይከስራል? ያውም በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ፤ ከዚያ በር ተነስተው የት እንደተጠለሉ እናውቃለንና። የስፖርት ጋዜጠኛ ጓደኞቼ ደግሞ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ዝውውሩን ተዉትና በየሰፈሩ ያሉትን የድሮ ብስክሌተኞች ቤት አንኳኩ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተወዳደረ ሰው ዛሬ ሰማንያውን ይዟል ወይ አልፏል። ማሊያው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ነው፣ ታሪኩ ደረቱ ውስጥ ነው። ሳጥኑና ግድግዳው ይቆያሉ። እሱ አይቆይም።

ውድድሩ ይምጣ ሲባል፣ ሰላሙ ሲመጣ፣ አይቻልም የሚለኝ ካለ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ አበባ ላይ 10 ሺህ ሰው አስሮጣለሁ ሲል ኃይሌን ምን እንዳሉት ይጠይቅ። ታላቁ ሩጫ ዛሬ የአገር በዓል ነው። ጣርማበርም የሚያስፈልገው ከሮቢት ተነስቶ እስከ በሩ የሚወጣ ሰው፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው፣ ዳር ላይ ቆሞ በሶ የሚያቀብል የደብረ ሲና ሰው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሃያ ሰው ቢወጣ በቂ ነው። እንደ ላፒዝ የሚሳደብ አንድ ሰው ከተገኘ ደግሞ ታሪኩ ተጀመረ ማለት ነው።

ባለፈው ሰሞን አንገር ጉቲን ነበርኩ። ከአያቴ ቤት ወረድ ብሎ አንድ ጎረምሳ ሳይክል ያከራያል፤ ሦስት ሳይክል፣ አንዷ ፔዳሏ በሽቦ የታሰረ። ልጆቹ በግማሽ ሰዓት እየተከራዩ ሜዳው ላይ ይሽከረከራሉ። አንዱ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አጠገቤ ቆሞ ውሃ ሲጠጣ ይህንን ሁሉ ነገርኩት። ከሮቢት ተነስቶ ወደላይ፣ ጠመዝማዛው፣ ጉሙ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ፣ ዋሻው። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«እትዬ» አለኝ በመጨረሻ፣ «መውጣቱስ ይሁን። ሲወርድ ፍሬኑ ይይዛል?»

መልሴን አልጠበቀም፤ ባለሳይክሉ «ሰዓትህ አልቋል!» ብሎ ጮኸበትና ሄደ።